«አንዴ ብቻ ልመርመርና ይውጣልኝ»

ጊንጆ፣ ጅማ። ከሰዓት በኋላ ነው። ጎረቤታሞች አንድ ግቢ ውስጥ ቡና ከበው ተቀምጠዋል፤ ጨዋታው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እየተቀያየረ ይፈሳል። አቦል ተቀድቶ መታደል እንደ ጀመረ አንዷ የያዘችውን ሲኒ ረከቦቱ ላይ መልሳ ሁለት ጣቷን አንገቷ ሥር አሳረፈች።

«ምነው? ደግሞ ጀመረሽ?» አለቻት ቡና አፍይዋ።

«ልቤ ነው። ዘለል አለና ቆመ። እስቲ እትዬ፣ እጄን ይያዙልኝ።»

በዕድሜ የሚበልጧት ሴት አንጓዋን ያዝ አድርገው ቆዩና «ምንም የለብሽ፤ ደኅና ነሽ» አሏት። ከጎናቸው ያለችው «ብቻ ግፊት እንዳይሆን» አለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ጨጓራ ነው፤ እኔንም እንዲሁ ነበር የሚያደርገኝ» አለች። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰው ዓይን ገብተሽ ነው» አለች። ሴትዮዋ ለጥቂት ደቂቃ ቀለል አላት። ቶና ሲቀዳ ግን ጣቶቿ ተመልሰው አንገቷ ሥር ነበሩ።

እቤቷ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ አንድ ፌስታል አለ። ውስጡ የልብ ምርመራ ወረቀት፣ የደረት ራጅ፣ የሆድ አልትራሳውንድ፣ የስኳርና የእንቅርት የደም ምርመራ ታጭቋል። ከፊሉ የጅማ ነው፤ ከፊሉ አዲስ አበባ ድረስ ተሄዶ የመጣ። ሁሉም ላይ ያለው ቃል አንድ ነው፤ ኖርማል። የመጀመሪያው ውጤት አንድ ወር እንቅልፍ ሰጥቷት ነበር። ሁለተኛው አንድ ሳምንት። የመጨረሻው ከሐኪሙ በር እስከ ባጃጅ መያዣው ድረስ ብቻ ቆየ። ባጃጁ ውስጥ እንደ ተቀመጠች «ማሽኑ ተበላሽቶ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ መጣባት።

ይህች ሴት አንድ ሰው አይደለችም። በዚህ ጽሑፍ ስማቸው ሳይጠራ የሚመጡት ሰዎች ሁሉ በየክሊኒኩ ደጃፍና በየቡናው ዙሪያ ደጋግመው ከሚሰሙ ታሪኮች የተቀመሩ ናቸው። ከእሷ ቤት ብዙም ሳይርቅ አንድ ወጣት ለመግሪብ ሶላት ውዱእ እያደረገ ነው። ክርኑን አጠበ፤ «በደንብ ነክቶት ይሆን?» ብሎ እንደገና ከፊቱ ጀመረ። ጀማዓው ሰግዶ ሲወጣ እሱ ገና ከቧንቧው አልተላቀቀም። ከአጋሮ መንገድ ወዲህ አንድ የቡና ነጋዴ መጋዘኑን ቆልፎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን ጎተት ጎተት ያደርገዋል። ለመተማመኛ የተቆለፈውን በር በስልኩ ፎቶ ያነሣል። ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ፎቶውን ያይና «ይሄ የትናንቱ ይሆን እንዴ?» ይላል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ነገ ክፍል ፊት ቆማ ጽሑፍ ታቀርባለች። ከጽሑፉ ይልቅ የምትለማመደው ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ነው።

አራቱ ሰዎች የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቢቀርቡ አራት የተለያየ ስም ሊሰጣቸው ይችላል። የመጀመሪያዋ የበሽታ ፍርሃት፣ ወጣቱና ነጋዴው ኦሲዲ የሚባለው የማይለቅ ሐሳብና ድግግሞሽ፣ ተማሪዋ ሰው ፊት የመቅረብ ፍርሃት። ስማቸው ይለያይ እንጂ አእምሯቸው የሚሄድበት መንገድ ግን እጅግ ይመሳሰላል። እንዲያውም አስጨናቂው ጉዳይ ልብ ይሁን ውዱእ፣ ቁልፍ ይሁን ድምፅ፣ ለሕክምናው ወሳኙ እሱ አይደለም። ወሳኙ ፍርሃቱ ከመጣ በኋላ ሰውየውም ዙሪያው ያለነው ሰዎችም የምናደርገው ነገር ነው። ችግሩን በብዛት የምናሳድገው ደግሞ በክፋት ሳይሆን በደግነት ነው።

ስሙ ሌላ፣ መንገዱ አንድ

ለረጅም ጊዜ የሥነ ልቦና ምርምር እያንዳንዱን ሕመም ለየብቻ ሲያጠና ኖሯል። የድባቴ ተመራማሪ ድባቴን፣ የኦሲዲ ተመራማሪ ኦሲዲን ብቻ ነበር የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ2004 አሊሰን ሃርቪ፣ ኤድዋርድ ዋትኪንስ፣ ዋረን ማንሴልና ሮዝ ሻፍራን ያሳተሙት መጽሐፍ የተለያዩትን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ትኩረትን፣ ትዝታን፣ አስተሳሰብንና ባህርይን በየሕመሙ አነጻጸረ። ብዙዎቹ ልማዶች የአንድ በሽታ ብቻ ሆነው አልተገኙም፤ ከሕመም ሕመም እየተሻገሩ የሚታዩ ነበሩ።

ልማዶቹን በጅማ ቋንቋ ማስረዳት አያዳግትም። አንደኛው፣ ትኩረት ወደ አንድ ቦታ ተጠምዶ መቅረት ነው። ልቧን የምትፈራው ሴት ቀኑን ሙሉ ልቧን ታዳምጣለች። ሰው የምትፈራው ተማሪ ደግሞ የገዛ ድምፅዋን ታዳምጣለች፤ አድማጮቹ ፊት ላይ ያለውን ወዳጅነት ለማየት ፋታ የላትም። ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረቡት የማኅበራዊ ፍርሃት ማብራሪያ ዋናውን ቦታ የሰጡት ለዚሁ ወደ ራስ ለዞረ ትኩረት ነው። ከልቡ ያዳመጠ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያገኛል። ጤነኛ ልብም አልፎ አልፎ ይዘላል፤ ጤነኛ ሆድም ይጮኻል።

ሁለተኛው፣ ስሜትን እንደ ማስረጃ መቁጠር ነው። «ልቤ ነግሮኛል»፣ «ቀልቤ አልወደደውም» እንላለን። አንዳንዴ ልክ ይሆናል። አርኑድ አርንትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት የኔዘርላንድስ ጥናት ግን የተለያየ ዓይነት የጭንቀት ሕመም ያለባቸው ሰዎች «ፈርቻለሁ፤ ስለዚህ አደጋ አለ» ወደሚል ድምዳሜ እንደሚያዘነብሉ ታየ። የታሪኩ ፍጻሜ ሰላማዊ መሆኑ እየተነገራቸው እንኳን፣ በታሪኩ ውስጥ የሚፈራ ሰው ካለ አደጋው ከፍ ብሎ ታያቸው። ጤነኞቹ የፈረዱት በሁኔታው ነበር።

ሦስተኛው፣ አለማወቅን አለመቻል ነው። የካናዳው ሚሼል ዱጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያጠኑት ይህን ነው። መጀመሪያ ሁሉን ነገር እያነሱ ከሚጨነቁ ሰዎች ጋር ብቻ የተያያዘ መስሎ ነበር፤ በኋላ በኦሲዲም፣ በበሽታ ፍርሃትም፣ በድባቴም ታየ። ይህ ሰው የሚፈልገው «ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው» የሚል መልስ አይደለም። የሚፈልገው «በጭራሽ አይሆንም» የሚል ነው። እንዲህ ያለ መልስ ደግሞ ሐኪምም፣ ሼኽም፣ ቄስም ሊሰጠው አይችልም።

አራተኛው አንድን ጥያቄ እያገላበጡ ማመንዠክ ነው። ጭንቀት «ቢሆንስ?» እያለ ወደፊት ያያል፤ ድባቴ «ለምን እኔ ላይ?» እያለ ወደ ኋላ ያያል። ሁለቱም ችግር የሚፈቱ ይመስላቸዋል፤ ሌሊቱ ግን ከዚያው ጥያቄ ሳይወጡ ይነጋል።

በልብና በቡና መካከል

ክላርክ ኦክስፎርድ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው አጭር ጽሑፍ ድንገተኛ ድንጋጤ እንዴት እንደሚፈጠር ያሳየበት መንገድ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አንድ ትንሽ የሰውነት ስሜት ይመጣል፤ ልብ ፈጠን ይላል እንበል። ሰውየው «ልሞት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ፍርሃቱ አድሬናሊን ያስለቅቃል፤ ልብ የበለጠ ይፈጥናል። አየር ያጠረው ስለሚመስለው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። በዚህ ጊዜ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣቶቹ ይወሩታል፤ ራሱን ያዞረዋል። ያ ደግሞ አዲስ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከምንም ተነሥቶ ድንገተኛ ክፍል የሚያስገባ ነገር ይሆናል።

በጅማ ይህ ዑደት ሁለት የአካባቢ አቀጣጣዮች አሉት። አንዱ ቡና ነው። በማና፣ በጎማ፣ በሊሙ፣ በጌራ ቡና ገበያ ብቻ ሳይሆን የቀኑ ሥርዓት ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ካፌይን በራሱ የልብ ምትን ሊለውጥ፣ እጅን ሊያንቀጠቅጥ፣ እንቅልፍ ሊያሳጣ ይችላል። የድንገተኛ ድንጋጤ ሕመም ላለባቸው ሰዎች 400 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ካፌይን የተሰጠባቸው ሙከራዎች ሲጠቃለሉ ግማሽ ያህሎቹ ድንጋጤው ተነሥቶባቸዋል፤ ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች ግን የተነሣበት ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ጫት ነው። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ሲሆን ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። በምርቃና ሰዓት ሐሳብ ይፈጥናል፤ ማታ እንቅልፍ ይርቃል፤ ጫቱ በቀረ ሌሊት ደግሞ ዱካክ የሚሉት ቅዠት ይመጣል። ይህን ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ የሚያሳልፍ ሰው የልቡን ፍጥነት የልብ ሕመም ነው ብሎ ቢተረጉም አያስገርምም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሙኒክ ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች የጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወንዶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ጫት ከቀድሞ አሰቃቂ ገጠመኝ ጋር ሲገናኝ ከከበዱ የአእምሮ ምልክቶች ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ጫት ብቻውን ሁሉን ያመጣል ማለት አይደለም። ልቡ የሚያስፈራው ሰው መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ምን ያህል እንደሚጠጣና እንደሚቅም ነው።

አታሟርት!

ክፉ ነገር በአፉ ያነሣን ልጅ «አታሟርት!» ብሎ ያልገሠጸ ወላጅ ጥቂት ነው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለውንም ሁላችንም አድገንበታል። ለአብዛኛው ሰው ይህ የአነጋገር ጨዋነት ብቻ ነው። አንዲት አራስ ግን ጨቅላዋን እያጠበች ሳለ «ብጥለውስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ ሲልባት፣ ያ ሐሳብ ራሱ ልጁን የሚጎዳ፣ ወይም እሷን ክፉ እናት የሚያደርግ ይመስላታል። ልጁን ለሌላ ሰው ሰጥታ ማጠቡን ትተወዋለች። የካናዳው ስታንሊ ራክማንና ሮዝ ሻፍራን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያጠኑት ይህን ሐሳብን ከድርጊት ጋር አንድ የማድረግ ልማድ ነው። በኦሲዲ ጎልቶ ይታያል፤ በበሽታ ፍርሃትም «ካንሰር ብዬ ካሰብኩ ይመጣብኛል» በሚል መልክ አለ።

አስገራሚው ነገር ሐሳቡ ራሱ የሕመም ምልክት አለመሆኑ ነው። ራክማንና ፓድማል ደ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት፣ ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ክፉና የማይፈለጉ ሐሳቦች እንደሚመጡባቸው ተናገሩ። ይዘታቸው ከታማሚዎቹ ጋር እጅግ ይመሳሰል ነበር። ልዩነቱ ጤነኞቹ ሐሳቡን ቶሎ ማሳለፋቸው ነው። ታማሚዎቹ ግን ይዘው ይመረምሩታል፤ ይጸልዩበታል፤ ያጥቡታል፤ ሊያባርሩት ይታገሉታል። ማባረሩ ደግሞ አይሳካም። ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ተማሪዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ባላቸው ጊዜ ድቡ ከአእምሯቸው ሊጠፋ አልቻለም።

የእስልምና ሊቃውንት ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ ጅማ ላይም ውዱእ የሚደጋግመውን ልጅ እናቱ «ወስዋስ ይዞት ነው» ትላለች። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባልኽ፣ በዛሬይቱ አፍጋኒስታን፣ የተወለደው አቡ ዘይድ አል ባልኺ «መሷሊህ አል አብዳን ወል አንፉስ» በተባለው መጽሐፉ የነፍስን ሕመሞች በየምዕራፉ አስቀምጧል፤ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ኀዘን፣ ወስዋስ። አል ባልኺ ሰው ደኅና በሆነበት ጊዜ ለክፉ ቀን የሚሆኑ ሐሳቦችን አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ ይመክር ነበር። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናም ከዚህ ምክር ብዙ አይርቅም።

የሚያስታግሰው ነገር

አራቱን ሰዎች በጣም የሚያመሳስላቸው ግን መጨረሻ ላይ የሚያደርጉት ነው። ሴትዮዋ ትመረመራለች። ወጣቱ ያጥባል። ነጋዴው ቁልፉን ያያል። ተማሪዋ ከክፍል ትቀራለች። በዚያች ቅጽበት ለሁሉም ቀለል ይላቸዋል። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እከክ የያዘው ሰው ሲያክ ደስ ይለዋል፣ ቁስሉን የሚያሰፋው ግን ያው የሚያክበት እጅ ነው።

ማርሴል ቫን ደን ሃውትና ሜሬል ኪንት እ.ኤ.አ. በ2003 ጤነኛ ተማሪዎችን በኮምፒውተር ላይ የተሠራ የጋዝ ምድጃ ደጋግመው እንዲፈትሹ አደረጓቸው። ድግግሞሹ የማስታወስ ችሎታቸውን እምብዛም አልጎዳውም። ጎላ ብሎ የቀነሰው የትዝታቸው ጥራትና በትዝታቸው ላይ የነበራቸው እምነት ነው። ነጋዴያችን በሩን አሥር ጊዜ ካየው በኋላ «አላስታውስም» ቢል ዋሽቶ አይደለም፤ አሥሩ ምስል ተደራርቦ የቱ የዛሬ እንደሆነ ጠፍቶበታል። ፍተሻው ራሱ ጥርጣሬ ያመርታል።

የሐኪም ቤት ምርመራም ከዚህ አያመልጥም። አሌክሳንድራ ሮልፍና ክሪስቶፈር በርተን እ.ኤ.አ. በ2013 14 ሙከራዎችንና 3,828 ታካሚዎችን ያካተተ ትንታኔ አውጥተዋል። ጥያቄያቸው፣ ከባድ በሽታ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ በሆነበት ሰው ላይ ምርመራ ማድረግ ስጋቱን ይቀንሳል ወይ የሚል ነበር። ምርመራው የሕመም ስጋትንም ጭንቀትንም እንደማይቀንስ አገኙ። በኋላ ደግሞ ወደ ሐኪም የመመላለሱ ነገር በጥቂቱ ብቻ ነው የቀነሰው።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው። ድካም፣ ራስ ምታትና የሰውነት መሰባበር ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መድኃኒት ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነው። ለታይፎይድ በብዛት የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ግን አንዴ ብቻ ተሠርቶ አስተማማኝ መልስ አይሰጥም። ታይፎይድ በሚበዛበት አካባቢ ብዙ ሰው ከቀድሞ የቀረ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ይዞ ስለሚኖር፣ ሳያመውም ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ሊወጣ ይችላል። ልቡ ለሚፈራ ሰው ይህ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። የጭንቀቱ ድካም የበሽታ ስም ያገኛል፤ መድኃኒቱ ሳያድነው ሲቀር ደግሞ «ሌላ ያላገኙት ነገር አለ» ወደሚል አዲስ ፍርሃት ያልፋል።

ቤተሰብም እንዲሁ ነው። ሚስት «በሩን ቆልፈኸዋል፤ አይቻለሁ» ትላለች፤ ጎረቤት አንጓ ይይዛል፤ ወንድም ስልክ ተደውሎለት «ምንም አይደለም፣ አይዞሽ» ይላል። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው። ሰውየው ግን «ማረጋገጫ ካላገኘሁ አልቋቋመውም» የሚለውን እምነቱን ሳይፈትነው ይቀራል። ዛሬ አንዴ የተጠየቀ ዘመድ ከወር በኋላ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ መቁጠር ይተዋል።

የፈረንጅ በሽታ ነው?

«እኛ አገር ይሄ የለም፤ ሰው ሲጠግብ የሚመጣ ነው» የሚል አይጠፋም። መዝገቡ ሌላ ይላል። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ኺል ከባልደረባው ቫን ላይክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኝ የገጠር መንደር የአእምሮ ሕመምን አጥንተው አሳትመዋል። ኢትዮጵያዊ ባልደረባ ጨምረውም 200 የተመላላሽ ታካሚዎችን መርምረዋል። ሐኪም ቤት የመጣው ሰው የሚናገረው ስለ ሆዱና ስለ ራሱ ሕመም ቢሆንም፣ ጉዳዩ የነፍስ የሆነበት ጊዜ እንዳለ ያኔም ይታወቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም ብዙ ጊዜ የተሠራበት የ20 ጥያቄ መጠይቅ የሚጀምረው ስለ ኀዘን በመጠየቅ አይደለም፤ ስለ ራስ ምታት በመጠየቅ ነው። ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ስለ ሆድ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰው በለጋ ዕድሜው በሚሞትበት አገር ሞትን መፍራት ሞኝነት አይደለም። በልጅነት ከተያዘ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የልብ ቫልቭ በሽታ በኢትዮጵያ ዛሬም ብዙ ወጣቶችን ይይዛል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲበዛ ልብ ይፈጥናል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። የደም ማነስም ትንፋሽ ያሳጥራል። ስለዚህ ልቡ የመታበትን ሰው «ጭንቀት ነው» ብሎ ሳይመረምሩ መሸኘት ስንፍና ነው፤ አደገኛም ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ተገቢ ነው፤ በደንብ መሠራትም አለበት። ወጥመዱ ያለው ምልክቱ ሳይለወጥ በሚደረገው ሰባተኛው ላይ ነው።

የበሽታ ፍርሃት ራሱም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የወጣ የስዊድን ጥናት ይህ ሕመም ተመዝግቦባቸው የነበሩ ከ4 ሺህ በላይ ሰዎችን ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲያነጻጽር፣ የመሞት አደጋቸው በ84 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ራስን የማጥፋት አደጋው አራት እጥፍ ያህል ነበር። «ምንም የለበትም፣ ዝም ብሎ ነው» የሚባለው ሰው ያለው ይህን ያህል ሸክም ነው። መኖር የመረረው፣ ስለ መሞት የሚያወራ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ብቻውን ሳይተው ዛሬውኑ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

መመሳሰሉም ልክ አለው። ከባድ ድባቴና ኦሲዲ ብዙ ጊዜ መድኃኒት ይሻሉ። ከእውነታ የመራቅ ሕመም ሌላ እርዳታ ይፈልጋል። በእውነት አሰቃቂ ነገር የደረሰበት ሰው ፍርሃትም የአስተሳሰብ ልማድ ብቻ ተብሎ አይታለፍም። የሐሳቡን መንገድ ማወቅ በሐኪም መታየትን አይተካም፤ ከየት መጀመር እንደሚገባ ግን ያሳያል።

ማን ያስተምረው?

የአእምሮ ሐኪም በኢትዮጵያ ዛሬም ብርቅ ነው። ሐኪሞች በአገር ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ መሠልጠን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ከዚያ በፊት የብዙው ታማሚ ተስፋ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ዛሬ ጅማ የራሷ የአእምሮ ሕክምና ክፍልና ማሠልጠኛ አላት። የጅማ ሕክምና ማዕከል ግን ከጅማ ዞን አልፎ ለሰፊው ደቡብ ምዕራብ የሚያገለግል ነው። ከጌራ ጫካ ወይም ከሊሙ ቡና ለቀማ ተነሥቶ የሚመጣ ሰው ሳምንት በሳምንት የንግግር ሕክምና ይመላለሳል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው።

የሐሳቡ መንገድ አንድ መሆኑ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አሥር በሽታ ለየብቻ ማስተማር ከማይቻልበት ቦታ አንድ ዑደት ማስተማር ይቻላል። ፒተር ታይረርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ 444 ታካሚዎችን ያካተተ ሙከራ አድርገዋል፤ ታካሚዎቹ የተገኙት ከአእምሮ ክፍል ሳይሆን ከልብ፣ ከሆድ፣ ከነርቭ፣ ከሳንባና ከሆርሞን ክሊኒኮች ነው። ለግማሾቹ የተሰጠው ከ5 እስከ 10 ጊዜ የሚደረግ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት ላይ የወጣው ውጤት የበሽታ ፍርሃቱ ጉልህ ሆኖ መቀነሱንና መሻሻሉ መቆየቱን አሳየ። ሕክምናውን የሰጡት ለዚሁ የሠለጠኑ እንጂ ስመ ጥር ቴራፒስቶች አልነበሩም፤ ከመካከላቸውም የተሻለ ውጤት ያስገኙት ነርሶቹ ናቸው።

ነርስ ደግሞ ጅማ አላት። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋሟ ተማሪዎቹን ወደየቀበሌው እያወጣ በማስተማር የታወቀ ነው። በአገር ደረጃም ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ይገባሉ። እነዚህ ሰዎች ማወቅ ያለባቸው ጥቂት ነገር ነው። ፍርሃቱ ሲመጣ መንገዱን ከታማሚው ጋር ወረቀት ላይ መሳል፤ ምን ተሰማኝ፣ ምን ብዬ ተረጎምኩት፣ ምን አደረግሁ፣ ከዚያስ? ቀጥሎ ማስታገሻውን በጥቂቱ ማዘግየት። የልብ ምቷን በየአምስት ደቂቃው የምትለካው ሴት ዛሬ ግማሽ ሰዓት ትቆያለች፤ ነገ አንድ ሰዓት። ፍርሃቱ ከፍ ይላል፤ ማንም ሳያስታግሰው ደግሞ ይወርዳል። ያን መውረድ በገዛ ሰውነቷ ስታየው ከስንት «አይዞሽ» የሚበልጥ ትምህርት ታገኛለች። ውዱእ የሚደጋግመው ወጣት ዘንድም ሥራው ያው ነው፤ እዚህ ላይ ግን የኡስታዙ ቃል ከነርሷ ቃል ጋር አንድ መሆን አለበት። አንዴ ከታጠበ በኋላ በጥርጣሬው ላይ እንዳይቆም የሚነግረው ሰው እሱ የሚያከብረው መሆን ይገባዋል። መቶ ጊዜ ለመናዘዝ የሚመላለስ ክርስቲያንም ከንስሐ አባቱ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ቤተሰብስ? ሐኪሞች የሚመክሩት ዝምታን አይደለም፤ ቁጣንም አይደለም። ለአሥራ አምስተኛ ጊዜ «ልቤ ደኅና ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ባል «ይህን ጥያቄ ባለፈው ተስማምተን ትተነዋል፤ ፍርሃቱ ግን እንደ ከበደሽ አያለሁ፤ እስኪያልፍ አብሬሽ እቀመጣለሁ» ሊል ይችላል። ፍቅሩን አልነፈጋትም፤ የነፈጋት ማረጋገጫውን ብቻ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለመልመድ ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ መጀመሪያ ላይም ጭካኔ ይመስላል። ስለዚህ ስምምነቱ ፍርሃቱ በሌለበት ሰዓት አስቀድሞ ቢደረግ ይሻላል።

ክሊኒኮች ዛሬውኑ፣ ያለ ምንም አዲስ ማሽን፣ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገርም አለ። ኪት ፔትሪና ባልደረቦቹ በኒውዚላንድ የደረት ሕመም ያለባቸውን 92 ታካሚዎች ለልብ ምርመራ ከመግባታቸው በፊት ከፋፈሏቸው። ለአንዳንዶቹ ውጤቱ ኖርማል ቢሆን ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ አስረዷቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ቀድመው የተረዱት ከምርመራው በኋላ ይበልጥ ተረጋግተዋል። ጅማ ላይም ሐኪሙ ወረቀቱን ሲጽፍ «ይህ ኖርማል ከሆነ ልብሽን ሳይሆን ፍርሃቱን እናክማለን፤ ምልክቱ ካልተለወጠ ደግመን አንመረምርም» ማለት ይችላል። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ውጤቱ ከወጣ በኋላ የሚነገር «ምንም የለብሽም» ግን ለሚፈራ ጆሮ «አላገኙትም» ማለት ብቻ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ ይህኛው ግን የተሸሸገው በታማሚው ብቻ ሳይሆን በምርመራ ወረቀት ክምር ሥር ስለሆነ፣ ማውጣቱ የእሷ ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን የምንጽፈው፣ የምናነበውና አንጓ የምንይዘው የሁላችንም ሥራ ነው።